ጥንቸሎች የእናቴን ጓሮ ጨረሱት፤ የሚያቆማቸው አጥር አለ?

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ፦

«የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቀልቧ ሁሉ ጓሮዋ ላይ ነው። 4 በ5 ሜትር የምትሆን መደብ አላት፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሐበሻ ጎመንና ካሮት ትተክልባታለች። ከፋሲካ በኋላ ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር እየገባ ችግኙን ይቆርጥባት ጀመር። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሁለት ግራጫ ጥንቸሎች ከእንጨት ክምሩ ሥር ሲገቡ አየች። የጎረቤታችን ልጆች ባለፈው ዓመት ጥንድ ጥንቸል ተገዝቶላቸው ነበር። አባታቸውን ስንጠይቃቸው ግን ‹የእኛዎቹ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ናቸው፤ ግራጫ የለንም። እነዚያ ከእንጦጦ የወረዱ የዱር ናቸው› አሉን። ወንድሜ መርዝ ካልገዛሁ እያለ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ጥንቸል አንድ ሜትር ትዘላለች፣ ከመሬት ሥርም ትቆፍራለች፣ አጥር አይመልሳትም አለችን። እናቴ ‹እንግዲያው መትከሉን ልተወው› ብላ ተቀምጣለች። እውነት የዱር ናቸው? የሚያቆማቸው አጥርስ አለ? ከጎረቤታችን ጋር መቀያየምም አንፈልግም።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ለእናትሽ ይህን ንገሪልኝ፦ መትከላቸውን አይተዉ። ጥንቸል በአግባቡ የተሠራ የሽቦ አጥር ያቆማታል። ጓደኛሽ የነገረችሽ አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ስለ ዝላይ ስትሰሙ ሁላችሁም ዓይናችሁን ወደ አጥሩ ጫፍ አነሳችሁ። ጥንቸል ጓሮ የምትገባው በታች በኩል ነው፤ ገንዘባችሁም ጉልበታችሁም መዋል ያለበት አጥሩ መሬት በሚነካበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ የማን እንደሆኑ እንለይ፤ ቀጥሎ የምታደርጉት በዚህ ይወሰናልና። አገራችን የራሷ የዱር ጥንቸል አላት። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ የትም የማይገኝ፣ በመካከለኛው ደጋና በባሌ ተራሮች የሚኖር ነው፤ ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮ ከሚያድናቸው እንስሳት አንዱም እሱ ነው። እግሩ ረጃጅም፣ የጆሮው ጫፍ ጥቁር ነው። ይህ እንስሳ ጉድጓድ ቆፍሮ አይኖርም። ቀኑን ሣር መካከል በምትገኝ ትንሽ ስርጉድ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ አደጋ ሲመጣበት የሚተማመነው በሩጫው ነው። ልጆቹ ሲወለዱ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው። እናትሽ ያዩዋቸው ግን ከእንጨት ክምር ሥር የሚገቡ ናቸው። ክምሩን ዞር ዞር ብለሽ እዪው፤ ጉድጓድና አዲስ የተቆፈረ አፈር ካገኘሽ የቤት ጥንቸል ለመሆናቸው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግሽም። የሰፊ ሜዳው እንስሳ ከእንጦጦ ወርዶ ቀበና መሐል በግቢያችሁ እንጨት ሥር ቤት አይሠራም።

ቀለማቸው አያታልላችሁ። የዓለም የቤት ጥንቸል ሁሉ ዘሩ አንድ ነው፤ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ከመጣው ግራጫ የዱር ጥንቸል የተገኘ ነው። ነጭ ጥንቸል ያንን የአያቶቹን ግራጫ ቀለም በደሙ ደብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ከጥቁር ጋር ሲዳቀል ግራጫ ልጆች የሚወለዱበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጎረቤታችሁ ዋሽተዋል አትበሉ። የገዟቸው ሁለቱ በሳጥናቸው ውስጥ ካሉ፣ ከሳጥኑ ውጭ የተወለዱትን ላያውቋቸው ይችላሉ። ሴቷ በአምስትና በስድስት ወሯ ለመውለድ ትደርሳለች፤ ትንንሾቹ ዝርያዎች ከዚያም ይቀድማሉ። እርግዝናዋ አንድ ወር ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ልትወልድ ትችላለች፤ በወለደች በዚያው ቀን ወንድ ካገኛት እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። ጥንዱ የተገዛው አምና ከሆነ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ መሆናቸውንም አልተማመንበትም።

ይህም ሆኖ ሁለት ጥንቸል ታየ ማለት ጥፋቱ ሁሉ የጥንቸል ነው ማለት አይደለም። ጠዋት ችግኙን ጎንበስ ብለሽ መርምሪ። ጥንቸል የቆረጠችው ግንድ ቁርጡ ሰያፍና ጥርት ያለ ነው፤ ከመሬት ብዙም ከፍ አይልም፤ አጠገቡም ክብና ደረቅ ኩስ ታገኛለሽ። ፍየል ወይም በግ የነካው ተጎትቶ የተቀደደ ነው። ቀንድ አውጣ ቅጠሉን መሐል መሐሉን ይበሳል፤ የሚያብረቀርቅ ልጋግም ይተዋል። ተክሉ ከላይ ደህና መስሎ በድንገት ከጠወለገና ሥሩ ከተበላ፣ አጠገቡም የአፈር ቁልል ካለ ፍልፈል ነው፤ ለፍልፈል ደግሞ ከዚህ በታች የምጽፈው አጥር አይበቃም። ጥርጣሬ ካደረብሽ ማታ በየክፍተቱ አመድ ነስንሺ፤ ጠዋት የገባው ሁሉ ዱካውን ጥሎ ይገኛል።

አሁን ወደ ዝላዩ። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመረ የጥንቸል መሰናክል ዝላይ ውድድር አለ። በዚህ ስፖርት የሠለጠኑ ጥንቸሎች አንድ ሜትር ከፍታ ዘለዋል፤ በርዝመትም ሦስት ሜትር ተሻግረዋል። ጓደኛሽ የሰማችው ይህን ይሆናል። እነዚያ ግን ለዝላይ የተመረጡና ሲለማመዱ የኖሩ ናቸው። ሰላጣ ፍለጋ በንጋት የመጣች ጥንቸል፣ የሚያሳድዳት ከሌለ፣ አጥር ሲገጥማት ለመዝለል አትነሳም። የአጥሩን ሥር እየተከተለች፣ በጢሟና በአፍንጫዋ እየዳሰሰች ክፍተት ትፈልጋለች። የዱር ጥንቸል በበዛባቸው አገሮች አትክልተኞች የሚያጥሩት ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው፤ ያም ይበቃቸዋል።

የሚያሳስበኝ ጥርሷ ነው። የጥንቸል የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ በዓመት አሥር ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዘወትር በማኘክና በመቆርጠም መሞረድ አለባት። ይህን ካወቅሽ የፕላስቲክ መረብ፣ የጥላ ጨርቅ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም የሸንበቆ አጥር ለምን እንደማይጠቅም ግልጽ ይሆንልሻል። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ትበሳቸዋለች። ገንዘብሽን አታጥፊባቸው።

ቁፋሮዋም ቀላል አይደለም፤ በተለይ ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ። ማባረር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጠንካራ ነው፤ በሰዓት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ ስትሮጥም እየተጣመመች ስለሆነ አሳዳጇን ቶሎ ታመልጠዋለች። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ከኋላዋም ከላይዋም የሚመጣውን ታያለች፤ አስቀድማ ስለምታይሽ ከክምሩ ሥር ከመግባት አታግጃትም። ወንድምሽ ጉልበቱን ለቦዩ ቁፋሮ ያቆይልን።

አጥሩ እንዲህ ይሠራ። ግቢውን ሁሉ ለመዝጋት አትሞክሩ፤ መደቡን ብቻ እጠሩ። አሮጌ ግቢ ከቆርቆሮው ሥር ጎርፍ የቦረቦረው ክፍተት አለው፤ የግቢው በር ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳም ይኖረዋል። ያንን ቀዳዳ ደፍናችሁ ሐምሌ ላይ ውሃው ቤት ቢገባባችሁ ከጥንቸሉ የባሰ ጣጣ ነው። መደቡ 4 በ5 ከሆነ ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ለመደራረቢያና ለበሩ ጨምራችሁ 20 ሜትር ሽቦ ይበቃችኋል።

የሚገዛው የዶሮ ሽቦ የሚባለው ነው። ስትገዢ ማስመሪያ ይዘሽ ሂጂና ቀዳዳውን ለኪ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ 2.5 ቢሆን ይመረጣል። በሰፊው ቀዳዳ ትልቋ ባታልፍ ግልገሎቿ ያልፋሉ፤ ችግኝ ለመጨረስ ደግሞ ግልገል ይበቃል። ዚንክ የተቀባውን ምረጪ፤ ያልተቀባው አፈር ውስጥ ቶሎ ይዝጋል። አዲሱ ከከበዳችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ ይገኛል፤ ሲዘረጋ ያልተበጠሰና ያልዛገ መሆኑን ሳታዪ ግን ገንዘብ አትክፈዪ።

ስፋቱ 1.2 ሜትር የሆነውን ጥቅል ውሰዱ። 90 ሴንቲ ሜትሩ ከመሬት በላይ ይቆማል፤ የቀረው 30 ሴንቲ ሜትር ነው ሥራውን የሚሠራው። በመደቡ ዙሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ሽቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አውርዱትና የመጨረሻውን 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ፣ ማለትም ጥንቸሏ ወደምትመጣበት በኩል፣ እጠፉት። ላዩን ድንጋይ ጫኑበትና አፈር መልሱ። ወደ ውስጥ እንዳታጥፉት አደራ። ጥንቸል መቆፈር የምትጀምረው አፍንጫዋ አጥሩን ከነካበት ከሥሩ ነው፤ እዚያ ስትቆፍር የተኛው ሽቦ ይገጥማታል። ወደ ኋላ ራቅ ብላ ከሽቦው ጠርዝ ባሻገር መጀመር እንዳለባት አታስተውልም።

ለማቆሚያ አጠና በየሁለት ሜትሩ ትከሉ፤ ሽቦውንም በውጭ በኩል ምቱት፤ ስትገፋው ወደ እንጨቱ ይጠጋል እንጂ አይለቅም። በሩን አትርሱ። ለእናትሽ ጉልበት ሲባል የሚረገጥ ወይም የሚዘለል አጥር አታድርጉባቸው፤ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ሽቦ ወጥራችሁ በማጠፊያ የሚከፈት በር ሥሩላቸው። ከበሩ ሥር ብሎኬት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ቅበሩ፤ በበሩና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ከሁለት ጣት አይብለጥ። ብዙ ሰው አጥሩን አሳምሮ ሠርቶ ጥንቸሏን የሚያስገባው በዚህ በኩል ነው። ይህን ሁሉ ዝናቡ ሳይጠነክር ጨርሱት፤ በጭቃ ውስጥ ሽቦ መቅበር አድካሚ ነው፤ የተመለሰውም አፈር ቶሎ አይጠብቅም።

ክምሩንም አንሱ። እንጨቱን ብሎኬት ላይ አንጠልጥላችሁ ደርድሩት፤ ሥሩ ብርሃን ይግባው። የተጣለ ቆርቆሮና የበቀለ አረም ካለ አጽዱት። ጥንቸል መሸሸጊያ በሌለበት ግቢ መዋል አትወድም።

ነገር ግን ጉድጓዱን ከመድፈናችሁ በፊት ቆም በሉ፤ ይህን የምለምንሽ ከልቤ ነው። የዚች ጥንቸል ልጆች ሲወለዱ ራቁታቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው የሚከፈተው በአሥር ቀን ገደማ ነው፤ ከጎሬው ብቅ የሚሉትም በሦስት ሳምንት አካባቢ ነው። እናትየዋ በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጥብታቸው መግቢያውን በሣርና በአፈር ሸፍና ትሄዳለች። ስለዚህ እናት አለማየታችሁ ጎሬው ባዶ ለመሆኑ ምልክት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተጠባብቃችሁ «ማንም የለም» ብላችሁ ብትደፍኑት ግልገሎቹ እዚያው ይሞታሉ።

መጀመሪያ ትልልቆቹን ያዙ። የእንጨት የአትክልት ሳጥን በጎኑ አስተኝታችሁ፣ ጥቂት ምሽት በተከታታይ ሰላጣ ወይም ካሮት ውስጡ አስቀምጡ። ሳትፈራ ገብታ መብላት ከለመደች በኋላ በገመድ የሚወርድ መዝጊያ ሥሩለት። በጆሮዋ አታንጠልጥሏት። አሮጌ ነጠላ ጣሉባትና አንድ እጅ ከደረቷ፣ አንድ እጅ ከኋላዋ ሥር አድርጋችሁ አንሷት። የኋላ እግሯ ሳይደገፍ ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። ከዚያ ጎሬውን በጥንቃቄ ከፍታችሁ ግልገል ካለ ከነለበሱት ጠጉር ከእናታቸው ጋር ወደ ጎረቤታችሁ ሳጥን ውሰዷቸው። ጉድጓዱ ከዚያ በኋላ ይደፈን።

ወንድምሽ «እንጦጦ ወስጄ ልልቀቃቸው» ቢል እምቢ በሉት። ሳጥን ውስጥ ያደገች ጥንቸል ለጅብና ለውሻ ትሰጣለች። ብትተርፍ ደግሞ ጉዳዩ ከግቢያችሁ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1859 አውስትራሊያ ውስጥ ቪክቶሪያ በሚባለው ግዛት አንድ ባለርስት ለአደን መዝናኛ ብሎ ጥቂት ደርዘን እንኳ የማይሞሉ ጥንቸሎች ለቀቀ። ተራብተው አህጉሩን አለበሱት። የምዕራቡ ግዛት እነሱን ለማገድ ከ1901 እስከ 1907 አጥር ሠራ፤ ዋናው አጥር ብቻ 1,833 ኪሎ ሜትር ነበር። ያ ሁሉ ሽቦ ተተክሎ ሳያልቅ ግን ጥንቸሎቹ ቀድመው አልፈው ነበር። እናንተም ሽቦውን ከመምታታችሁ በፊት መደቡ ውስጥና ክምሩ ሥር አንዲትም እንዳልቀረች አረጋግጡ።

ስለ መርዙ አጭርና ቁርጥ ያለ ቃል ልናገር፦ አይገባም። በየመንገዱ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ የሚገድለውን አይመርጥም። የጎረቤት ድመት፣ የግቢ ውሻ፣ የሞተውን የሚያነሳ ጭልፊት ሁሉ ይበሉታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥንቸሎቻቸውን ፍለጋ በአጥር ሥር እጃቸውን የሚሰዱ ልጆች አሉ። የሚበላ ቅጠል በሚበቅልበት አፈር ላይ መርዝ መበተንም በራሱ ነውር ነው። ጎረቤታችሁ እንዳሉት የዱር ቢሆኑ እንኳ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ በሁለቱም በኩል በሩ ዝግ ነው።

ሚጥሚጣ መነስነስ እስከ መጀመሪያው ዝናብ ነው። ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ነጭ ሽንኩርት ዳር ዳሩን ቢተከሉ ጥንቸል ብዙም አትነካቸውም፤ መሐል ያለውን ሰላጣ ግን አይጠብቁም። ለወጥና ለሻይ ትከሏቸው እንጂ ለጥበቃ አትመኩባቸው።

ወደ ጎረቤታችሁ ልምጣ፤ ሽቦው በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፣ መቀያየም ግን ለዓመታት ይቆያል። አንቺም ወንድምሽም አትሂዱ፤ እናትሽ ይነጋገሩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰውየውንና ባለቤታቸውን ቡና ይጥሯቸው። ጥንቸሎቹ የማን እንደሆኑ በመከራከር አይጀምሩ። «ጋሼ፣ ልጆቹ እንስሳ መውደዳቸው ደስ ይለኛል። እንጨቴ ሥር የወለዱ ጥንቸሎች አግኝቻለሁ፤ እንዳይሞቱብኝ ፈራሁ። ልጆቹ መጥተው ያንሷቸው እንደሆን ብዬ ነው» ቢሏቸው እውነትም ነው፣ ማንንም አያሳፍርም። ግራጫ ልጅ ከነጭና ከጥቁር እንደሚወለድ ከዚያ በኋላ በጨዋታ መሐል ይነገራል።

ሰውየው ተቸግረው እንደሚሆን አስቡላቸው። በዶሮ ቢሆን አርዶ መብላት አለ። ጥንቸል ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ተቆጥራለች፤ ብዙ ሰው ቤት አትበላም። ስለዚህ የተወለደው ሁሉ ይከማቻል፤ ልጆቹም መስጠት አይፈልጉም። መፍትሔው ወንዱንና ሴቷን ዛሬውኑ ለየብቻ ማድረግ ነው። ግልገሎቹም ሦስት ወር ሳይሞላቸው በጾታ ይለዩ፤ መለየቱ ካስቸገረ የእንስሳት ሐኪም በደቂቃ ያሳያቸዋል፤ ወንዱን ማኮላሸትም ይችላል። የሳጥናቸው ወለል አፈር ከሆነ ከሥሩ ሽቦ ይነጠፍ፤ ያመለጡት በዚያ ሊሆን ይችላል። ለመደባችሁ ከምትገዙት ሽቦ ጥቂት ሜትር ጨምራችሁ ለሳጥኑ ወለል ብትሰጧቸው ገንዘቡ አይቆጭም። ወንድምሽም ሳጥኑን ከልጆቹ ጋር ሆኖ ቢጠግንላቸው ደስ ይለኛል፤ መርዙን ያሰበው ስለ እናቱ ተቆርቁሮ ነውና።

ምናልባት ሰውየው አሁንም «የእኔ አይደሉም» ካሉ አትሟገቱ። የያዛችኋቸውን ለሚያሳድግ ሰው ስጡ፤ አጥራችሁንም ሥሩ። ለመደባችሁ የማንም ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። የካሮቱን ዘር ግን ሽቦው ተቀብሮ በሩ ሳይገጠም አትዝሩ። ጎመኑና ቆስጣው ግንዳቸው ከመሬት ካልተቆረጠ እንደገና ያቆጠቁጣሉ፤ አትንቀሏቸው።